የላይኛው መስመር

ስንዱ ከእኛ የገዛችውን እንስራ መልሳ ያመጣችው ገና ቤታችን ሳይጠረግ ነው። እንደ ወትሮው በጀርባዋ አዝላው አልነበረም። በመጫኛ አስራ፣ በረጅም ዘንግ አንጠልጥላ፣ አንዱን ጫፍ እሷ ሌላውን ጫፍ ሠራተኛዋ ይዘው፣ በሽተኛ እንደሚያደርሱ ሰዎች ቀስ እያሉ መጡ። እጃቸው እንዳይነካው ብለው ነው። ደጃችን ላይ አወረዱትና ስንዱ እንስራውን ያልነካችበትን መዳፏን በቀሚሷ ጠራረገች። እናቴ እጇ ጭቃ ስለነበር ለሰላምታ ክርኗን ዘረጋችላት፤ ስንዱ ክርኑንም አልጨበጠችም። እናቴን ሳይሆን ከእናቴ ራስ በላይ ያለውን የጣራ ሣር እያየች፣ «ልጄን ምን አስነካሽብኝ?» አለቻት።

«ምን ሁኖ ነው እሜቴ?»

«ታከለ ከእሑድ ጀምሮ ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፤ ዐይኑ ጎድጉዶ ገባ። ከዚህ እንስራ ከጠጣ ወዲህ ነው። ይኸ አንገቱ ሥር የተጫረው ምንድን ነው? ድግምት አይደለም? ለጭቃ ሹሙ ተናግሬአለሁ። አራት ሰዓት ላይ ይዛችሁት ቅረቡ። ይኸን የጻፈ ሰው ልጄ ድኖ እስኪቆም ድረስ ከወረታ ንቅንቅ አይልም።»

ዘንጉንና መጫኛውን ይዛ ሄደች፤ እንስራው ደጃችን ላይ ቀረ። የጻፍኩበት እኔ ነበርኩ።

ቀኑ ማክሰኞ፣ ሰኔ ዐሥራ ስምንት፣ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ አምስት ዓመተ ምሕረት ነው። ስሜ ጽጌሬዳ ማረው ይባላል፤ ያን ጊዜ ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። በማግስቱ ረቡዕ ጠዋት ጎንደር ላይ ለጤና ትምህርት ቤት የመግቢያ ፈተና እቀመጣለሁ። ስድስት ሰዓት ላይ በጭነት መኪና ልሳፈር፣ በሶና ድርቆሽ ተቋጥሮልኝ፣ ከአክስቴ የተዋስኩት ሸራ ጫማ ታጥቦ መደቡ ሥር ተቀምጦ ነበር። ፈተናው በዓመት አንድ ጊዜ ነው። ለሰው ልጅ ሁሉ ዓመት ይመለሳል፤ ለሸክላ ሠሪ ልጅ ግን ዘንድሮ ከቀረች ለከርሞ ማን እንደሚያስታውሳት እኔም እናቴም አናውቅም ነበር። ባልም የሚጠይቀኝ፣ ሥራም የሚሰጠኝ አልነበረም። ያለኝ ያ ፈተና ነው።

ዛሬ ሳስባት ያች ቤታችን ትናፍቀኛለች። አንድ ክፍል ናት። ግማሹ የእኛ፣ ግማሹ የሸክላው ነው እንል ነበር እንጂ ዝናብ ሲያስፈራራ ሸክላው ድርሻውን እያሰፋ እኛን ወደ ግድግዳው ይገፋናል፤ በማሰሮና በጋን መካከል እግሬን አጥፌ ስተኛ ነው ያደግሁት። እርጥብ አፈርና ኩበት ይሸታል። አሁን እንኳ የሰኔ የመጀመሪያው ዝናብ መሬት ሲመታ በሬን ከፍቼ እቆማለሁ፤ ልጆቼ ምን እንደማሸት አያውቁም፣ እኔም አልነግራቸውም። አባቴ ማረው ቀጥቃጭ ነበር፤ አራተኛ ክፍል ሳለሁ ሞተ። ከዚያ ወዲያ ደብተር የሚገዛልኝ አልነበረም። ባለ ሠላሳ ሁለት ገጹ ደብተር ስሙኒ ነው፤ አንድ እንስራም የሚሸጠው ስሙኒ ነው። እናቴ አንድ ቀን ይህን አሰላስላ፣ «እንስራ ሸጨ ደብተር ከምገዛልሽ፣ ለምን እንስራው ላይ አትጽፊም?» አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሷ ግን ገና እርጥብ የሆነውን እንስራ አዙራ አቀረበችልኝና የወይራ ስንጥር በእጄ አስያዘችኝ። ከአምስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል በሸክላ ላይ የተማርኩት እንዲህ ነው። ማታ እጽፋለሁ፤ ጠዋት ጭቃው ሳይጠነክር እናቴ በማለስለሻ ድንጋይዋ ደምስሳ ታስተካክለዋለች።

የመግቢያው ፈተና በእንግሊዝኛ ስለነበር መምህራችን ደሳለው የሳይንሱን ማስታወሻ በሙሉ በአንድ ደብተር ገልብጦ ለሦስት ሳምንት አዋሰኝ። «ከሁሉ በፊት ስምሽን ጻፊ» ብሎኛል፤ «ስም የሌለበትን ወረቀት ማንም አያርምልሽም።» እንዳልረሳው ብዬ በእያንዳንዱ እንስራ ላይ፣ አንገቱ ሥር፣ የላይኛው መስመር ላይ ሙሉ ስሜን በእንግሊዝኛ ፊደል እጽፍ ነበር፤ ትምህርቱ ከዚያ በታች ይቀጥላል። የምትፈትነኝ እናቴ ናት። ሀ ሁ እንኳ አልቆጠረችም። እንስራውን ወደ ራሷ አዙራ ትይዝና እኔ በቃሌ ስወጣው በጣቷ ከመስመር መስመር ትከተለኛለች። መጀመሪያ ሰሞን የምትይዘኝ በድምፄ ነበር፤ ስደናቀፍ፣ «እዚህ ላይ ፈራሽ» ትለኛለች። እየቆየች ግን፣ «ሦስተኛውን መስመር ዘለልሽ፤ ይቺን ሁለት ሆድ ያላትን አልጠራሻትም» ማለት ጀመረች። የአማርኛ ትርጉሙን ካልነገርኳትም አትለቀኝም። ደም በየት በየት እንደሚዞር፣ የወንዝ ውኃ ለምን ፈልቶ መጠጣት እንዳለበት ከእኔ እኩል ተምራለች። «በዐይን የማይታይ፣ ውኃ ውስጥ ተቀምጦ ሰው የሚበላ?» ብላ ያን ቀን ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ታዲያ ለምን እኛን ብቻ ቡዳ ይሉናል?»

ይሉን ነበር፤ ነውሩን ዛሬ ምን አስደበቀኝ! ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ ዐይኑ ሰው ይበላል ይባል ነበር። በሠራንላቸው ድስት ወጥ ይሠራሉ፣ በሠራንላቸው እንስራ ውኃ ይጠጣሉ፤ ከቤታችን ግን አንድ ጭልፋ ውኃ ጠጥቶ የሄደ ገበሬ አላስታውስም። እናቶች በደጃችን ሲያልፉ የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍናሉ። ከነጠላው ሥር አጮልቀው የሚያዩኝ ልጆች ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ምላሳቸውን ያወጡልኝ ነበር፣ እኔም አወጣላቸው ነበር።

ጥፋቱ የመጣው በጥድፊያ ነው። ክረምት ከገባ እንጨቱም ኩበቱም ስለሚርስ ሸክላ አይተኮስም፤ የሰኔው መተኮስ የዓመቱ መጨረሻ ነው፤ እስከ ጥቅምት የምንበላው ከእሱ ነው። ባለፈው ሳምንት እሳቱ ተሰናድቶ፣ ሰባት እንስራ ተደርድሮ፣ እናቴ አራቱን አለስልሳ ሦስቱ ሲቀሯት በጣና በኩል ደመናው ጠቆረ። የፎገራን ሜዳ ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ መጣ ሲሉት ደርሷል። እናቴ ደመናውን አየች፣ እንስራዎቹን አየች፣ «ከነትምህርታቸው ይግቡ እንግዲህ» ብላ እሳቱ ውስጥ ከተተቻቸው። ሲወጡ ጽሕፈቱ በቀይ ሸክላ ላይ ጠቁሮ፣ እውነቱን ለመናገር ያምር ነበር። ስንዱ ገበያ ላይ ከሁሉ መርጣ ያነሣችው ከእነዚያ ከሦስቱ አንዱን ነው። «ይኸ ያጌጠው ይሁንልኝ» ብላ ከስሙኒው ላይ ዐሥር ሳንቲም ጨምራ ሰጠች። የስንዱ ቤት ደግሞ ከርብ ወንዝ ዳር ነው፤ በዚያው ሳምንት አዲሱ ደራሽ ውኃ የሜዳውን ከብት እበት ሁሉ ጠራርጎ ወርዷል። የቀዳችው ከእሱ ነው። እንስራው ላይ ከስሜ በታች የጻፍኩት ትምህርት ስለ ምን እንደነበር ብነግራችሁ አታምኑኝም፤ የወንዝ ውኃ ሳይፈላ እንዳይጠጣ ነበር።

ስንዱ ከሄደች በኋላ እናቴ ወደ ጭቃዋ ተመለሰች። ማቡካቱን ቀጠለች። እኔ መደቡ ላይ ተቀምጬ እጇን አያለሁ። «እኔ ነኝ የጻፍኩት ብዬ እነግራቸዋለሁ» አልኋት። «ምን እንደሚል አነብላቸዋለሁ።» ጭቃውን ትገለብጣለች፣ በክርኗ ትደቁሰዋለች፣ ጠጠር ታገኛለች፣ አውጥታ ትጥላለች። እናቴና እኔ ብዙ የምንነጋገር ሰዎች አልነበርንም፤ ያን ጠዋት ግን ዝምታዋ ከብዶኝ ተነሥቼ ወጣሁ። የሹፌሩን ነገር ላረጋግጥ ነው የወጣሁት።

ሹፌሩ አበረ ይባላል፤ ከባሕር ዳር ጨው ጭኖ ወደ ጎንደር የሚወጣ፣ በጣሊያን ጊዜ ገና በልጅነቱ ከጣሊያን ሾፌሮች ጋር እየዞረ ሥራ የለመደ፣ ጥርሱ በሲጋራ የወየበ ሰው ነው። ፊያቱን ከሻይ ቤቱ ፊት አቁሞ ጎማ ይነፋ ነበር። በማግስቱ ፈተና እንዳለብኝ ስነግረው አጠገቡ እንደሚያስቀምጠኝ ቃል ገባልኝና ስሜን ጠየቀኝ። ከሲጋራ ፓኮው ጀርባ ላይ፣ እርሳሱን በምራቁ እያራሰ፣ በላቲን ፊደል ጻፈው። «የጣሊያኑን እንጂ የእኛን አልተማርኩም» አለኝ እየሳቀ። «ስድስት ሰዓት ላይ ጥሩምባ እነፋለሁ። ሁለተኛ አልነፋም።»

አራት ሰዓት ላይ እንስራውን እኔና እናቴ ተጋግዘን ጭቃ ሹም አድማሴ ግቢ ገባን። ሰው ተሰብስቧል። አድማሴ ሾላው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው በጭራቸው ዝንብ ይከላከላሉ፤ ክፉ ሰው አልነበሩም፣ ነገር ቶሎ አልቆ ወደ እርሻቸው መሄድ የሚፈልጉ ሰው ነበሩ። ስንዱ ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች። ታከለ አራት ዓመቱ ነው፤ ራሱ በእናቱ ክንድ ላይ ወድቆ፣ ከንፈሩ ደርቆ፣ ዝንብ ዐይኑ ላይ ሲያርፍ እጁን አያነሣም። ሳየው ስንዱን መጥላት አቃተኝ። ይህን ያህል ዓመት ቆይቼ እንኳ ልጠላት አልቻልኩም።

መጀመሪያ መሪጌታ ደሞዝ እንዲያነቡት ተጠሩ፤ ከቤተ ክርስቲያን እስኪመጡ ስድስት ሰዓት ቀረበ። ሽማግሌው ተንበርክከው እንስራውን ዞሩት፣ በመጠቆሚያ ጣታቸው ነካኩት። እውነተኛ ሰው ናቸው፤ ያላወቁትን አወቅሁ አይሉም። «ግእዝ አይደለም፣ አማርኛም አይደለም፣ ዐረብም አይደለም» አሉ ብድግ ብለው። «ምን እንደሆነ አላውቅም።» በዚያ ግቢ ውስጥ እሳቸው የማያውቁት ጽሕፈት አለ ብሎ ያሰበ ሰው ስላልነበረ ሁሉም ተሸበረ። መምህር ደሳለው ቢኖር በአንድ ቃል ይገላግለን ነበር፤ እሱ ግን ፈተና ሊያርም ቀድሞን ጎንደር ወጥቷል። እኔ ቆምኩና፣ «ውኃ አፍልታችሁ ጠጡ ነው የሚለው» አልኋቸው። አንዱ ከኋላ ሳቀ፣ ሌላውም ሳቀ። የድግምተኛ ልጅ ድግምቱን እንዴት ብላ በእውነት ትተረጉማለች!

«እንግዲህ» አሉ አድማሴ፣ «ይኸን የጻፈ ሰው ሕፃኑ ላይ እንትፍ ይበልበት። ሰባት ቀንም ከስንዱ ዐይን ሳይርቅ ይቆይ። ልጁ ከዳነ በሰላም ይሄዳል። ማን ነው የጻፈው?»

አፌን ከፈትሁ። የእናቴ እጅ አንጓዬን ያዘኝ። እጇ ሁልጊዜ ሻካራ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ያመመኝ አያያዟ ነው።

«እኔ ነኝ ጌታየ» አለች።

ስንዱ ልጇን እንደታቀፈች ብድግ አለች። «አንች ፊደል የት ታውቂና! ተማሪዋ ልጅሽ ናት፤ ወረታ ያላወቀ አለ?»

«ከልጄ ደብተር እያየሁ ነው የጫርኩት። ለጌጥ ነው እሜቴ። እርስዎም ያጌጠው ይሁንልኝ ብለው አይደል የወሰዱት?»

ከሴቶቹ አንዷ ሳቋን አፈነች። አድማሴ ጭራቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉ። «እንግዲያው ጻፊና አሳይን» አሉ።

እናቴ አልደነገጠችም። ከአጥሩ ሥር ዝናቡ ካራሰው መሬት አንድ እፍኝ ጭቃ አነሣች፤ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አድርጋ በመዳፏ ዘረጋችው፤ ጠጠሩን ለቀመች፤ ምራቋን እንትፍ ብላ አለሰለሰችው። ከሾላው ሥር ስንጥር አነሣች። ሰው ሁሉ ከበባት። እኔ ከትከሻዋ በላይ ቁሜ አያለሁ። የጻፈችው እንደሚጻፍ አልነበረም። መጀመሪያ ቀጥ ቀጥ ያሉትን ዘንጎች ሁሉ ከግራ ወደ ቀኝ ተከለች፤ ቀጥላ ሆድ ሆዱን ጨመረችላቸው፤ ከዚያ ተጋዳሚውን አጋደመች፤ በመጨረሻ ክብ ክቡን በትንሿ ጣቷ ጥፍር አዞረችው። ጽሕፈት ሳይሆን ሥዕል ነበር። እጇ ግን አንድም ጊዜ አልቆመም። መስመሩ ከመሙላቱ በፊት ምን እንደሆነ ገባኝ። እናቴ ጭቃው ላይ የጻፈችው ከሁሉ አስበልጣ የምታውቀውን፣ የላይኛውን መስመር ነው። ጽጌሬዳ ማረው ይላል። እኔ ነኝ ጻፊዋ ብላ የተናዘዘችበት መስመር የእኔ ስም ነበር።

ከዚያ ሁሉ ሰው ያወቅሁት እኔ ብቻ ነኝ። መሪጌታ ድንጋዩን አስነሥተው ከእንስራው አንገት ሥር አስጠጉት። «ይኸው ዘንጉ፣ ይኸው ክቡ» አሉ እያነጻጸሩ፤ «አንድ ነው፤ አልተለየም።» ሰዉ እህ ብሎ ተነፈሰ። በዚህ መሀል ጥሩምባው ተነፋ። አንድ ጊዜ። አበረ ጥሩምባውን ነፍቶ ሰው የት እንደገባ ሊያይ ይመስለኛል፣ እጁን በዘይት ጨርቅ እየጠረገ በግቢው በር ብቅ አለ። ስንዱ አየችው። «እሱ የፈረንጅ ያውቃል!» ብላ ጮኸች። «ና እስቲ ና፣ ይኸ ምን ይላል? በልጄ ይሁንብህ፣ እውነቱን ተናገር!»

አበረ ቀርቦ አጎነበሰ። ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ጭቃውን ፊደል በፊደል ሲቆጥር አየሁት። ቀና አለና እኔን አየኝ። ከዚያ የእናቴን እጅ አየ፤ ስንጥሩን ገና አልጣለችውም ነበር። የሲጋራ ፓኮው ከደረት ኪሱ ብቅ ብሎ ይታየኛል።

«ምንም አይልም» አለ። «ጌጥ ነው። ሁለቱም ግን አንድ እጅ ናቸው፤ የዚህች ሴትዮ እጅ ነው።»

እንዲህ ሆኖ ተፈረደ። እናቴን ወደ ታከለ አቀረቧትና እንትፍ በይበት አሏት። ፍርድ ቤት ወንበዴ እንኳ እንዲህ አይቀርብም፤ ሁሉም ግማሽ እርምጃ ሸሸ። እናቴ ልጁን አጎንብሳ አየችው፣ ሦስት ጊዜ እንትፍ አለችበት። ከዚያ ቀና ብላ፣ ከዚህ በፊት ሰምቼው በማላውቀው ወፍራም ድምፅ፣ «ስሚኝ ስንዱ» አለች። እሜቴ አላለቻትም። «ትፋቴ የሚሠራው ልጁ ሰባት ቀን የፈላ ውኃ ብቻ ከጠጣ ነው። ድስቱ ላይ እስኪንተከተክ አፍዪው፤ አቀዝቅዢው፤ ጨው ጣል አድርጊበት፤ በትንሽ በትንሹ፣ ቀንም ማታም። አንድ ጉንጭ ጥሬ ውኃ ከገባው እኔ የለሁበትም።» ስንዱ ፈርታ ራሷን ነቀነቀች። መደቡ ላይ ያጠናነው ትምህርት፣ ማንም ያላመነኝ፣ በእናቴ አፍ ሲወጣ ታመነ። በቡዳነቷ ነው የታመነው።

እኔን አልሳመችኝም። ሰው ፊት ከሳመችኝ እንዳለቅስ ታውቃለች። «መኪናው ይቀድምሻል» ብቻ አለች። ሮጥኩ፣ ከቤት ስንቄንና ጫማዬን አነሣሁ፣ ፊያቱ ላይ ወጣሁ። አበረ ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቀኝ ነበር፤ ሁለተኛ አልነፋም ያለው ሰውዬ ጭራሽ ሩብ ሰዓት ጠብቆኛል። ከወረታ ወጥተን ወደ ርብ ድልድይ አመራን። ሜዳው በግራም በቀኝም ውኃ መያዝ ጀምሯል፤ ከብቶቹ እግራቸው ሰጥሞ ይግጣሉ። ድልድዩን ስናልፍ ሲጋራውን አወጣ፣ ፓኮውን ገልብጦ አየው፣ መልሶ ከተተው። «ጽጌሬዳ ማረው» አለ መንገዱን እያየ። «ስምሽ ያምራል። የእናትሽ እጅ ጽሑፍም ያምራል።» ያን ጊዜ አለቀስኩ። የጣራ ገዳም ጫካ በቀኛችን እስኪታይ ድረስ አለቀስኩ።

በማግስቱ ጠዋት ረጅም አዳራሽ ውስጥ፣ ከቆዳ ጫማቸው ሥር ካልሲ ካደረጉ የጎንደር ልጆች መካከል አስቀመጡኝ። ወረቀቱ ተሰጠ። የላይኛው መስመር ላይ ስም ይጻፍ ይላል። እርሳሴን አነሣሁና ሳላስበው እንደ እናቴ ዘንጎቹን በሙሉ ከግራ ወደ ቀኝ ተከልኩ። ሆድ ሆዱን ጨመርኩ፣ ተጋዳሚውን አጋደምኩ፣ ክቡን አዞርኩ። የሚጠብቁን መምህር አጠገቤ ቆመው፣ ይህች ልጅ ስሟን መጻፍ ሳትችል እንዴት እዚህ ደረሰች ብለው ያሰቡ ይመስለኛል፤ ራሳቸውን ነቅንቀው አለፉ። ከዚያ በታች ያለውን ግን በራሴ እጅ ጻፍኩት። ስድስተኛው ጥያቄ ስለ ውኃ ነበር።

አለፍኩ። ታከለም በአምስተኛው ቀን ተነሥቶ ጥሬ ሽምብራ ሰርቆ ሲበላ ተገኘ። በመዳኑም የእናቴ ቡዳነት ተረጋገጠ፤ ያልበላችውን ሰው እንዴት አድርጋ ታድነዋለች! ከዚያ ወዲያ ወረታ ላይ ሸክላዋን የሚገዛት ጠፋ። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ እኔ ጎንደር በመንግሥት አልጋ ላይ ስተኛ፣ እሷ ማሰሮ በጀርባዋ እያዘለች አንበሳሜ ገበያ ድረስ ትወርድ ነበር። ይህን የነገረችኝ እሷ አይደለችም፤ አክስቴ ናት። ስንዱም እንስራውን አልሰበረችውም። ነርስ ሆኜ ወረታ ስመለስ፣ የታከለን ታናሽ ልከትብ ቤቷ ገብቼ፣ ጓዳዋ ውስጥ ጓያ ሞልታበት አየሁት። ስሜ ከነትምህርቱ አለ። ወንበር አቀረበችልኝ፤ የፈላ ወተት አቀረበችልኝ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጓያው ዋጋ አወራን። ስለዚያ ቀን እሷም አላነሣችም፣ እኔም አላነሣሁም። ስወጣ ግን እስከ አጥሩ ሸኘችኝና፣ «እናትሽ ደኅና ናት?» አለችኝ ወደ መሬት እያየች።

እናቴ በመጨረሻ እኔ ዘንድ ጎንደር መጣች። ጣቶቿ ደርቀው ጭቃ መያዝ ትተዋል፤ ቀኑን የምታሳልፈው አጠገቤ ተቀምጣ የክሊኒክ መዝገብ ስሞላ እያየች ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ስታየኝ ቆየችና፣ «ስንት ዓመት ልጠይቅሽ ስል ይጠፋኛል» አለች። «ያን ቀን ጭቃው ላይ የጻፍኩት ምን ነበር?»

ብዕሬን አስቀመጥኩ። «መጀመሪያ አንች ንገሪኝ እማየ። ከዚያ ሁሉ መስመር ለምን እሷን መረጥሽ?»

«ሌላው ሌላው በየቀኑ ይለዋወጣል፤ እሷ ግን ሁልጊዜ ከላይ አለች። ስደመስስም መጨረሻ የማጠፋት እሷን ነበር። እንጃ፣ ታሳሳኝ ነበር።»

«ስሜ ነው» አልኋት። «ጽጌሬዳ ማረው ብለሽ ነው የጻፍሽው።»

ዐይኗን ተከለችብኝ። ጭቃ ሹሙን፣ ስንዱን፣ ከእንስራው ተጠግቶ የነበረውን ድንጋይ፣ ያን ሁሉ ሰው አንድ በአንድ ስታልፍበት ከፊቷ ላይ አየሁ። ከዚያ ሁለት እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ውይ ልጄን!» አለች። «እኔው ራሴ አሳልፌ ሰጥቼሽ ነበራ!»

ሳቀች። እንባዋ በሁለቱ ጉንጮቿ እስኪወርድ፣ የጎረቤት ሰው በመስኮት እስኪያይ ድረስ ሳቀች፤ እኔም አብሬያት ሳቅሁ፣ አለቀስኩም። ሲወጣላት ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፣ መዝገቡን ከፊቴ ወደ ራሷ ሳበችና እጇን ዘረጋች።

«እስቲ ብዕሩን ስጪኝ» አለች።